አፉን የዘጋው ሦስት

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እትዬ ፊደል ወጥ ቤት ቆማ የሕፃን ጡጦ ስታጥብ፣ ታናሽ እህቷ ከመኝታ ቤት ለራሷ እንደሚያወራ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ «ስምንት» ስትል ሰማቻት።

መጀመሪያ ልብ አላለችውም። እህቷ የሰባት ወር ልጇን ታቅፋ የመጣችው ከትናንት በስቲያ ነው። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል፣ ልጁን ትኩሳት ይዞታል፣ ብቻዬን ከምጨነቅ እህቴ ዘንድ ልሁን ብላ ነው። ሁለቱም በቅጡ አልተኙም። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ብዙ ነገር ለራሱ ያወራል።

«ምኑ ነው ስምንት?» አለች እትዬ ፊደል፣ ውሃውን ሳትዘጋ።

«መድኃኒቱ ነዋ። ስምንት ሚሊ። ኧረ እቴ፣ ይሄ ሁሉ በዚህች ጉሮሮ እንዴት ይወርዳል?»

ጡጦው ከእጇ አመለጠ። መኝታ ቤት እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። እህቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የልጁን አንገት በክንዷ ደገፍ አድርጋ፣ በሽሮፕ የተሞላችውን ትንሽ መለኪያ ወደ ከንፈሩ እያስጠጋች ነበር።

«ቁሚ! እንዳታጠጪው!»

ጩኸቱ ልጁን አስደነገጠው፤ ልቅሶውን አቀለጠው። መለኪያው ተንገዳግዶ ቀዩ ሽሮፕ አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆነሻል? ልቤን እኮ አወለቅሽው!»

«ማነው ስምንት ያለሽ?»

«ማን ይለኛል? የራስሽ ካርቶን ነዋ! ትናንት ማታ ፋብሪካው ላከልኝ ብለሽ ያመጣሽው!»

እትዬ ፊደል ካርቶኑን አንስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ለልጁ ዓይን ብለው የዘጉትን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ አየችው። «ከአንድ ዓመት በታች፦ 3 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ይላል። ሦስት ነው። ሦስት መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በገዛ እጇ ነው የሠራችው። ከዚያ መጋረጃውን መልሳ፣ እህቷ ተቀምጣበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጣ፣ ካርቶኑን ክንዷን ዘርግታ ያዘችው።

ስምንት ነው።

«ከዚህ በፊት ሰጥተሽው ነበር?» አለች።

«ኧረ የመጀመሪያው ነው። እስከ አሁን ከቤት ያመጣሁትን ነበር የምሰጠው። ምነው? መርዝ ነው እንዴ?»

«ሦስት ነው እንጂ ስምንት አይደለም» አለቻት።

እትዬ ፊደል የሚሏት የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ሥራዋ ፊደል መቅረጽ ነው። ይህን ስትናገር ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይላታል፤ «ፊደል ድሮ ተፈጥሮ አልቆ የለም እንዴ?» መልሷም ያው ነው፤ «ሰውም ድሮ ተፈጥሮ አልቋል፤ መልክ ግን አሁንም ይወለዳል።»

ከቀረጸቻቸው ሁሉ ስም ያወጣላት ድንቡሼ የሚባለው ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ለአንድ ብስኩት ፋብሪካ ሠራችው። ማዕዘን የሚባል አልፈጠረበትም። እግሮቹ ዱልዱም፣ ራሱ ሙልሙል፣ ወገቡ የማይታወቅ ነው። «መ» ሁለት የተነፋ ጉንጭ ነው፤ «በ» ሱሪ የሰፋው ልጅ፤ «ዐ» ፊኛ። ፊደላቱ ተደግፈውና ተጎሻሽመው ስለሚቆሙ፣ አንድ ቃል ከርቀት ሲታይ ለፎቶ የተሰበሰቡ ልጆች ይመስላል። ሰው ሳያነበው ፈገግ ይላል። ብስኩቱን የማይወዱ ሰዎች እንኳ ስለ ማሸጊያው ብለው ይገዙት ነበር ይባላል።

ከዚያ ወዲያ ድንቡሼ ያልገባበት ቤት የለም። የመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ፣ የልጆች ጫማ መደብር ላይ፣ የጥርስ ሳሙና ላይ። አንድ ቀን ደግሞ የሬሳ ሳጥን የሚሸጥ ሰው ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ በመኪናው ጎን ላይ «የመጨረሻ ጉዞዎን ለእኛ ይተዉ» ብሎ በድንቡሼ አስጻፈበት። እትዬ ፊደል መንገድ ላይ አይታው፣ ሐዘንተኞቹ እስኪያልፉ ግንብ ተደግፋ በነጠላዋ አፏን ይዛ ነበር። ሲስቅ የተወለደ ፊደል ቀብር ላይም ይስቃል።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከነከናት። ማተሚያ ቤት ለሚመጡ ደንበኞች እንዲህ ማለት የጀመረችው ያኔ ነው፤ «ድንቡሼ ስም ይጠራል እንጂ ምክር አይሰጥም። አንድ ሁለት ቃል በትልቁ ጻፉበት። ረጅም ነገር ካስወራችሁት ይለፈልፋል፤ ካሳነሳችሁት ደግሞ ሆዱን ቀለም ይሞላዋል፣ አንዱ ከአንዱ አይለይም።»

ሽሮፑ የመጣው ባለፈው ወር ነው። የመድኃኒት ፋብሪካው «ልጆች የማይፈሩት ካርቶን» አለ። እሷ የሽሮፑን ስም ብቻ በድንቡሼ ሠርታ ሰጠች። የቀረውን ሥራ የገጽ አቀናባሪው ይጨርሰዋል። ይህ ሰው ሥራ በተሰጠው ቁጥር «ቶሎ ነው፣ ቶሎ ነው» ስለሚል ቶሎ ብለውታል። ቶሎ፣ ሌላ ፊደል መምረጥ አታክቶት ይሁን፣ ወይ ካርቶኑ እንዲያምር አስቦ፣ ሁሉንም በድንቡሼ አደረገው፤ አወሳሰዱን፣ ማስጠንቀቂያውን፣ ቁጥሩን ሳይቀር። ከዚያ «እትዬ፣ እይልኝ፤ አንድ ቤተሰብ አልመሰሉም?» ብሎ ኮምፒዩተሩን አዞረላት።

አየችው። በትልቁ ነው ያየችው፤ ስክሪኑን ሞልቶ። ልጆቿ ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ሲጫወቱ እንዳየች እናት ደስ አላት። ለደንበኛ ሁሉ የምትናገረውን ቃል ያን ቀን ለራሷ አልነገረችውም። በናሙናው ግርጌ «ታይቷል፣ ይታተም» ከሚለው ጎን ፈረመች።

የ3ን ሁለት ጫፎች፣ ሕፃን ከንፈሩን ሲሰበስብ አስባ ወደ ውስጥ ጠምዝዛቸው ነበር። በትልቁ ሲታይ ያሳሳል። አሁን በዚህ ደቃቅ መጠን፣ ቀለም በሚጠጣ ካርቶን ላይ፣ አፉ ተዘግቷል።

ስልኳን አንስታ ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት ደወለች።

«ጋሼ፣ የሽሮፑ ካርቶን ስህተት አለበት።»

«ምን ዓይነት ስህተት?»

«ሦስቱ ስምንት ይመስላል። እህቴ አሁን ልጇን ልትግተው ነበር።»

«ይመስላል ነው ወይስ ነው?»

«ሦስት ነው። ግን ስምንት ይመስላል።»

«እንግዲያው ሦስት ነዋ!» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። «ስሚኝ እታለም፣ ካርቶኑን ሐሙስ አስረክበናል። ተረክበዋል። ትናንት ሲሞሉበት ነው የዋሉት። ከእኛ ወጥቷል።»

«ልጆች ሊጠጡት ነው እኮ፣ ጋሼ!»

«ናሙናው ላይ የማን ፊርማ እንዳለ ታውቂያለሽ? የቶሎ አይደለም። የእኔም አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ አርፈሽ ተቀመጪ። ሰኞ እንነጋገርበታለን።»

ሰኞ አይሆንም። ፋብሪካው ቅዳሜ ከምሳ በፊት ለከተማው ፋርማሲዎች ማከፋፈል ስለሚጀምር ነው ካርቶኑ በጥድፊያ የታተመው፤ ይህን የነገራት ራሱ ጋሼ ነው። ወደ ፋብሪካው ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አያነሳም። እህቷ ልጁን እያባበለች ታያታለች።

«ሂጂያ!» አለቻት። «ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ እዚህ አለሁ። ሂጂ!»

ካርቶኑን ከነጠርሙሱ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ታክሲው ውስጥ ሆና የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፈጠን ይበሉልኝ።» መሐል መንገድ ላይ ቧንቧ ለማደስ አስፋልት ቆፍረው መኪናውን በአንድ መስመር ያሳልፋሉ። ሹፌሩ በመስታወቱ አያት፣ «የታመመ ሰው አለ እንዴ እናቴ?» አላት። «ገና ነው» አለችው። መልሱ ግራ ገብቶት ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ፋብሪካው በር ስትደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በብረቱ አጥር መሐል ግቢው ይታያል። ነጩ የጭነት መኪና ሞተሩ ተነስቷል፤ የኋላ በሩ ክፍት ነው። ካርቶኖቹ ተደራርበው ተጭነው፣ በየጎናቸው የሷ ድንቡሼ፣ የሽሮፑን ስም በትልቁ እየጮኸ፣ ይስቃል።

«ቀጠሮ አለሽ እህቴ?» አለ የጥበቃው ሰው።

«የለኝም። ያ መኪና መውጣት የለበትም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሰው ያሳስታል።»

«ምን ዓይነት ቁጥር?»

ካርቶኑን አውጥታ ሰጠችው። «እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ።»

ሰውየው ክንዱን ዘርግቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ አየ። «ሦስት» አለ።

መኪናውን የሚነዳው ሰው ነገሩ ምንድን ነው ብሎ መጣ፤ እሱም አየው፤ «ሦስት። ምን ሆነ?» አለ። ለአፍታ ያህል እትዬ ፊደል ደስ አላት፤ ምናልባት እህቴ እንቅልፍ አጥታ ነው፣ ምናልባት እኔም ደንግጬ ነው፣ ምናልባት ወደ ቤቴ መመለስ እችላለሁ ብላ አሰበች። ያችን ደስታ በኋላ ስታስታውሳት ከሁሉ የበለጠ ያሳፈረቻት እሷ ነች።

የመጋዘኑ ኃላፊ የጭነት ሰነዱን በብብቱ ሸጉጦ ደረሰ። ታሪኩን ሰምቶ ሳቅ አለ። «ምስክር ብለሽ የጠራሻቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ለኔ መሰከሩ። በይ እህቴ፣ መንገድ ልቀቂ።»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ባዶ እጁን ወደ መጋዘኑ ሲመለስ አስቆመችውና ካርቶኑን አሳየችው። «ስምንት» አለ። መልሶ አየት አድርጎ «ወይስ ስድስት ነው?» አለ።

«እሱን ተይው፣ መነጽሩን ረስቶ መጥቶ ነው» አለ ኃላፊው።

«መነጽር መቼ አለኝና!» አለ ተሸካሚው።

«የሚገዛው ሰው ሁሉስ መነጽር አለው?» አለች እትዬ ፊደል። ድምፁ የሷ አልመሰላትም፤ ጮሃ ነበር።

ኃላፊው ፊቱን አዞረ። «ክፈትለት» አለው ጥበቃውን። በሩ እየተንሲያጠጠ ተከፈተ። ሹፌሩ ገብቶ መኪናውን አንቀሳቀሰ።

እትዬ ፊደል በዕድሜዋ ከሰው ጋር ተጣልታ የማታውቅ፣ ወረፋ ሲቀድሟት እንኳ «ይለፉ» የምትል ሴት ናት። ሄዳ በሩ መሐል ቆመች። መኪናው ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ። ጡሩንባው ጆሮዋን አደነቆረው። ጥበቃው ክንዷን ይዞ «ኧረ በእናትሽ፣ ሥራዬን ታሳጪኛለሽ» እያለ ይጎትታታል፤ እሷ የአጥሩን ብረት በሌላ እጇ ጨብጣ አልለቅም አለች።

በጫጫታው ነጭ ጋዋን የለበሰች ጎልማሳ ሴት ከሕንጻው ወጣች። የጥራት ክፍል ኃላፊዋ ፋርማሲስት ናት። «ምንድን ነው?» ብላ አልጮኸችም። ቀጥ ብላ መጥታ እጇን ዘረጋች፤ «ካርቶኑን አምጪው።»

አየችው። «ሦስት ነው። ይህን እኔ ራሴ አጽድቄዋለሁ።»

«በኮምፒዩተር ነው ያዩት ወይስ በካርቶን?»

ሴትየዋ ካርቶኑን ቀስ ብላ ከፊቷ አራቀችው፤ ክንዷ እስኪያልቅ። ከዚያ ለሹፌሩ «ሞተሩን አጥፋው» አለችው። «ለአሥር ደቂቃ።»

የማሸጊያው አዳራሽ ውስጥ የቅዳሜ ፈረቃ የገቡ አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። ፋርማሲስቷ አንድ በአንድ ወደ ኮሪደሩ ጠራቻቸው፤ መብራት እንዲጠፋ አደረገች፤ ካርቶኑን በክንዳቸው ልክ አስይዛ «ያነበብሽውን እዚህ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ እንዳትናገሪ» እያለች። እትዬ ፊደል ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። የየሴቲቱን እጅ ታያለች፤ ብዕሩ ሲንቀሳቀስ ሦስት ጻፈች ወይስ ስምንት ብላ ትገምታለች። እስኪያልቅ ከንፈሯን ነክሳ አቁስላዋለች።

ፋርማሲስቷ ወረቀቶቹን ዘረጋቻቸው። ስድስቱ ሦስት ይላሉ። አራቱ ስምንት። አንዱ ስድስት።

«ይኸው! አብላጫው ሦስት ነው» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ።

«ድምፅ እያሰጠሁ አይደለም» አለች ፋርማሲስቷ። «ካርቶን ሲያሽጉ የሚውሉ፣ ከአሥራ አንድ አምስቱ ተሳስተዋል። ጭነቱን አውርድ።»

ኃላፊው ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና ሄደ።

«ሕፃን ልጅ ስምንት ሚሊ ቢወስድ ምን ይሆናል?» አለች እትዬ ፊደል።

«አንዴ ከሆነ ብዙ አይሆንም። በቀን ሦስቴ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ከሆነ ግን ጉበቱን ይጎዳዋል። በዚያ ዕድሜ ቶሎ ነው የሚጎዳው።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «በእናንተ በኩል የመጨረሻውን ናሙና የፈረመው ማነው?» አለቻት።

የጋሼ ድምፅ በጆሮዋ መጣ። «እኔ ነኝ» አለች።

ፋርማሲስቷም «በዚህ በኩል እኔ ነኝ» አለች።

የመጋዘኑ ኃላፊ ተመልሶ በር ላይ ቆመ። የቅድሙ ቀልድ ጠፍቶበታል። «አንድ ነገር ረስቼ ነበር» አለ። «ትናንት ጠዋት የሽያጭ ሠራተኛው አንድ ሳጥን ወስዷል። ሃያ አራት ጠርሙስ። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ላለው ፋርማሲ።»

በፋርማሲስቷ መኪና ሄዱ። ፋርማሲው ጠባብ ነው፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ ሽሮፖች ተደርድረዋል፤ ሌሎቹ ሰማያዊና ነጭ ሆነው ዶክተር ፊት እንደ ቀረበ ሰው ጭጭ ብለዋል፤ ከመሐላቸው የድንቡሼው ብቻ ይፍነከነካል። ባለ ፋርማሲዋ ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ ቀርተዋል።

አምስት ተሸጠዋል ማለት ነው። አራቱን የገዙት የሰፈር ደንበኞች ስለሆኑ ወዲያው ተደወለላቸው። ሁለቱ ጠርሙሱን ገና አልከፈቱትም። አንዷ «ሦስት ነው የሰጠሁት፣ ምነው?» አለች። አንዱ ልጁ አምስት ዓመቱ ነው፤ መጠኑ ሌላ ነው።

«አምስተኛውስ?»

ባለ ፋርማሲዋ ግንባሯን ያዘች። «አላውቀውም። ልብሱ ኖራ በኖራ የሆነ፣ ረጅም ሰውዬ ነው። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ነው የመጣው። የሰባት ወር ልጅ አለችኝ ብሏል። ለሥራ ሊመለስ ነው፣ መድኃኒቱን በሰው ልላክ እያለ…» ድንገት ቀና አለች። «ስልኩ ተዘግቶበት በኔ ስልክ ለሚስቱ ደውሏል!»

የትናንቱን ጥሪ ፍለጋ ጀመረች። አንዴ ገጹን አሳለፈችው፣ መልሳ አመጣችው። ቁጥሩ ተገኘ። ፋርማሲስቷ ደወለች፤ ድምፁን ሁሉም እንዲሰሙት ከፈተችው። ጠርቶ ጠርቶ አቆመ። እንደገና ደወለች።

«ሃሎ?» አለች አንዲት ሴት በሹክሹክታ።

«የልጅሽን መድኃኒት ከሠራው ፋብሪካ ነው የምደውለው። እንዳትደነግጪ። ስንት ስንት ነው የሰጠሻት?»

«ስምንት ስምንት። የተጻፈውን ነዋ።»

እትዬ ፊደል የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዘች።

«ስንት ጊዜ?»

«ትናንት ሁለቴ፣ ዛሬ ጠዋት አንዴ። አሁን ደግሞ ልቀሰቅሳትና ልሰጣት ነበር።»

«አትስጫት! ምንም እንዳትሰጫት። አሁን እንዴት ናት?»

«ተኝታለች። ከነጋ ጀምሮ ጡት አልያዘችም። ሲያስመልሳት ነበር…» የሴትየዋ ድምፅ መለወጥ ጀመረ። «ምንድን ነው? ምን ሰጠኋት? እባካችሁ ንገሩኝ፣ ምንድን ነው ያጠጣኋት?»

ፋርማሲስቷ የትኛው ሆስፒታል እንደምትሄድ፣ ጠርሙሱን ይዛ እንድትሄድ፣ ለሐኪሙ ምን እንደምትል ቃል በቃል አስደገመቻት። ስልኩን ዘግታ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ከወላጆቹ ጋር ሲገናኙ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሕፃኗን ወደ ውስጥ አስገብተው ደም ወስደዋል፤ ውጤት ይጠበቃል። እናትየዋ ገና ልጅ እግር ናት፤ ባዶውን የሕፃን ፎጣ አቅፋ ግድግዳውን ትመለከታለች። አባትየው ከሥራው በቀጥታ ስለመጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ፋርማሲስቷ የሆነውን ሁሉ፣ ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረቻቸው።

አባትየው ወደ እትዬ ፊደል ዞረ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከመደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ እሱ ነው የሳቀልኝ» አለ። ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ሌላ ሊሰጡኝ ነበር። አይ፣ ያንን፣ የልጆቹን ስጡኝ አልኩ።»

«እንዲያ እንዲሆን ብዬ ነው የሠራሁት» አለች።

«ከሳቀልኝ በኋላ ታዲያ ለምን ዋሸኝ?»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ ነበር፤ ግን ልጅቱ በሩ ወዲያ ተኝታ ሳለ ቃሉ ለራሷ የምትጠይቀው ምፅዋት መሰላትና ዋጠችው።

እናትየዋ ከግድግዳው ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ሂጂ አልልሽም። ከፊቴ ግን ዞር በይልኝ» አለች።

እትዬ ፊደል ተነስታ ኮሪደሩ በሚታጠፍበት ጥግ፣ የማይተያዩበት ቦታ ተቀመጠች። ተሽከርካሪ አልጋ አለፈ። ባልዲ የያዘች ሠራተኛ እግሯን እንድታነሳ ጠይቃ ከሥሯ ወለወለች። ስልኳ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ ጋሼ ነው፤ አላነሳችውም። አንዴ እህቷ ደወለች፤ «ልጁ ትኩሳቱ ወረደለት፤ አንቺስ?» አለቻት። «እስካሁን አላወቅንም» አለቻት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሐኪሙ ወጣ። ከጥጉ ሆና የሰማችው ተቆራርጦ ነው። ጉበቷ መቆጣት ጀምሯል። ማርከሻውን ጀምረንላታል። ሌላ አንድ ቀን ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ሁለት ሦስት ቀን እናቆያታለን። ትድናለች። «ትድናለች» የሚለውን ሐኪሙ ሁለቴ ነው ያለው፤ እናትየዋ አልሰማ ብላ አስደግማው። ከዚያ የአባትየው ልቅሶ ተሰማ፤ እንደ ሳል ያለ፣ ማልቀስ ያልለመደ ሰው ልቅሶ። እትዬ ፊደል ያን ጊዜ ነው ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ የተንሰቀሰቀችው።

ሰኞ ዕለት ጋሼ ቢሮ ገባች። ሰውየው በሩን ዘግቶ ቤቱን በጩኸት አናጋው፤ ለፋብሪካው ፊርማው የኔ ነው ብላ መናገሯ ነው ያበገነው። ስትወጣ አቀናባሪው ቶሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ ያለ ወትሮው ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔም ነው፤ ለጋሼ ልንገረው?» አላት። «ንገረው» አለችው። ነገረውም። ሁለቱም ወር ያህል ከሥራ ታገዱ። ፋብሪካው ካርቶኖቹን አስወግዶ፣ አወሳሰዱን በቀጭን፣ ደረቅ፣ ማንም በማያፈቅረው ፊደል አሳተመው።

እትዬ ፊደል በታገደችበት ወር የድንቡሼን ቁጥሮች እንደ አዲስ ሠራች። ለ3 ጠፍጣፋ አናት ሰጠችው፤ አፉንም በሰፊው ከፈተችው። መልኩ ትንሽ ተበላሸ፤ ደስ የሚል ቅልስልስነቱ ቀነሰ። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለችው ባለ ፋርማሲ ወንበር ሰጥታት፣ እትዬ ፊደል ተሰልፈው የሚጠብቁትን ሰዎች አዲሱን ቁጥር እያስነበበች ስትውል ከረመች። መቶ ሰው እስኪሞላ አልተነሳችም። ከዚያ ወዲያ ድንቡሼን ለሚገዛ ሁሉ አንድ ወረቀት አብራ ትሰጣለች፤ መድኃኒት ላይ፣ ማስጠንቀቂያ ላይ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ባነሰ መጠን እንዳትጠቀሙበት የሚል። አንድ ከረሜላ አምራች አንብቦት ከት ብሎ ሳቀ፤ «ፊደልም መጠንቀቅ ያስፈልገዋል እንዴ?» አላት። «ያስፈልገዋል» አለችው፤ አልሳቀችም።

ክረምቱ ሲወጣ የሕፃኗን ቤት ጠይቃ ሄደች። አራተኛ ፎቅ ነው። እናትየዋ በሩን እስከ እኩል ከፈተችው፤ ልጅቱ ዳሌዋ ላይ ተቀምጣ የእናቷን የጆሮ ጉትቻ ትጎትታለች። እትዬ ፊደል ይዛው የመጣችው ንግግር ሁሉ ደረጃው ላይ ቀረ።

«እንዴት ናችሁ ልል ነው የመጣሁት» አለች።

እናትየዋ ግቢ አላለቻትም። ከዚያ ልጅቱን ከዳሌዋ አንስታ፣ ፊቷ ወደ ውጭ እንዲሆን አዞረቻት።

«ደኅና ናት» አለች። «ይኸው፣ እያት።»

እትዬ ፊደል አየቻት። አመስግና ወረደች።